በጉ ታስሮ፣ ሰው ተለቆ

ቀበቶ የሚታሰረው ለማን ነው? ለነፍስ ወይስ ለትራፊክ ፖሊስ?

ወረቀት ላይ ያለው መልስ «ለነፍስ» ይላል። መንገድ ላይ ያለው መልስ ግን ሌላ ነው፤ ከባሕር ዳር መናኸሪያ በሚነሳ ሚኒባስ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሹፌሩ ከተማ ውስጥ ቀበቶውን ያስራል። የከተማውን መውጫ ኬላ ሲያልፍ እንደ ጠባብ ከረባት ፈትቶ ይለቀዋል። መራዊ ሊደርስ ሲል ከፊት የሚመጣው መኪና መብራቱን ብልጭ ያደርግለታል። ትርጉሙ «ወንድሜ፣ ትራፊክ አለ» ነው። ያኔ የሹፌሩ እጅ ወደ ትከሻው ትሮጣለች። ትራፊኩ ከታለፈ በኋላ ቀበቶው ወደ ቦታው ይመለሳል። ቦታው የት ነው? በሩ አጠገብ ተንጠልጥሎ፣ ከአቧራው ጋር።

ይህች የመብራት ብልጭታ ሁልጊዜ ትገርመኛለች። ሁለት የማይተዋወቁ ሹፌሮች፣ አንዱ የሌላውን ስም ሳያውቅ፣ ከቅጣት ይጠባበቃሉ። መተሳሰብ ይሏል ይህ ነው! ነገር ግን «ወንድሜ፣ ፊትህ ኩርባ አለ፣ ቀበቶህን እሰር» ለማለት መብራት የሚያበራ ሹፌር እስከ ዛሬ አላየሁም። ከክስ ወረቀት እንጠባበቃለን፤ ከሞት ግን ሁሉም ለየራሱ ነው።

«ቀበቶ ማሰር ባህላችን አይደለም፣ ከፈረንጅ የመጣ ነገር ነው» የሚሉ አሉ። እነዚህን ሰዎች አማርኛ ራሱ ይታዘባቸዋል። ሥራ ሊጀምር የቆረጠ ሰው «ታጥቆ ተነሳ» ይባላል። ገበሬው ድጉን ሳይታጠቅ ሞፈር አይጨብጥም። እናቶቻችን ያለ መቀነት ከደጅ አይወጡም፤ ሳንቲማቸውን እንኳ ጫፉ ላይ ይቋጥሩታል። በቅሎ የሚጭን ነጋዴ መጫኛውን ደጋግሞ ሳያጠብቅ ከግቢ አይነቃነቅም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንቀልባ አለ። በጎጃምም ይሁን በጎንደር፣ ልጇን አዝላ ገበያ የምትወርድ እናት አንቀልባውን ሳታስር አንድ እርምጃ አትራመድም። «እጄ ይበቃዋል፣ አጥብቄ እይዘዋለሁ» አትልም። እጅ እንደሚዝል፣ እግር እንደሚሰናከል ታውቃለች።

ያቺው እናት ሚኒባስ ስትሳፈር ምን ታደርጋለች? አንቀልባውን ትፈታለች። ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በክንዷ ታቅፈዋለች። በእግሯ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ስትጓዝ ያሰረችውን ልጅ፣ በሰዓት ሰማንያ ኪሎ ሜትር ስትጓዝ ትፈታዋለች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። በመኪናው ውስጥ ልጁን የምታስርበት ነገር የለም፤ የነገራትም የለም።

እስቲ ነገሩን በሒሳብ እንየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግንብ ጋር ሲጋጭ መኪናው ይቆማል። ውስጡ ያለው ያልታሰረ ሰው ግን በዚያው ፍጥነት ጉዞውን ይቀጥላል፤ እስከ ዳሽቦርዱ፣ እስከ መስታወቱ፣ ወይም እስከ ፊተኛው ወንበር ብረት። ይህ ከ10 ሜትር ያህል ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ እንደ መውደቅ ነው። 50 ኪሎ ሜትር ደግሞ የከተማ ፍጥነት መሆኑን አትርሱ፤ ከዱርቤቴ እስከ ዳንግላ ማን በ50 ይሄዳል? አሥር ኪሎ የሚመዝነው ሕፃን በዚያች የግጭት ቅጽበት በእናቱ ክንድ ላይ ከአንድ ኩንታል በላይ ይሆናል። ኩንታል ጤፍ ከአየር ላይ በሁለት ክንዱ የሚቀልብ ጉልበተኛ ካለ ይውጣና እንየው።

አንድ የፋሲካ ሰሞን ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ ያየሁትን ላውጋችሁ። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጭነት ያስራል። አንድ ሙክት እግሮቹን ጠፍሮ፣ ወገቡን ደግሞ በገመድ ከፖርቶመጋላው ጋር ያጣብቀዋል። ባለቤቱ ከታች ቆሞ «ጥሩ አድርገህ እሰረው፣ ኩርባ ላይ እንዳይወረወር» ይለዋል። «አይዞህ አያ፣ እንኳን በግ ዶሮ ጥዬ አላውቅም» ይላል ልጁ። እውነቱን ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ነው። ከዚያ ወርዶ እኛን ጫነ። ሦስት በሚቀመጡበት አራት፣ ሞተሩ ላይ ሁለት፣ መተላለፊያው ላይ በዱካ ሦስት። ለእኔ ጋቢና ደረሰኝ። ቀበቶውን ስስበው መጣ፤ መቆለፊያው ግን የለም። ብጠይቀው፣

«ጋሼ፣ ዝም ብለው ደረትዎ ላይ ጣል ያድርጓት። ትራፊክ ከሩቅ ሲያይዎት ያሰሩ ነው የሚመስለው። ኬላው እስኪያልፍ እኮ ነው» አለኝ፣ እንደ ሕፃን እያባበለ።

እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። ጣሪያው ላይ ያለው ሙክት በሁለት ገመድ ታስሯል። ውስጥ ካለነው ሰዎች መካከል አንዳችንም አልታሰርንም። በጉ ዋጋ አለው። ቢወድቅ «በጌን!» ብሎ አንገት የሚያንቅ ባለቤት አለው። የእኛ ባለቤት ማን ነው?

ይህ ጥያቄ የቀልድ አይደለም። ፔዳ ግቢ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበርኩባቸው ዓመታት ብዙ ልጆች በእጄ አልፈዋል። ፔዳ እ.ኤ.አ. በ1972 የፔዳጎጂ አካዳሚ ሆኖ ሲቋቋም ሥራው መምህራንን ማፍራት ነበር፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። መምህር ደግሞ መንገደኛ ነው። ይመደባል፣ ይዛወራል፣ ለክረምት ትምህርት ይመለሳል፤ ዕድሜውን በአባዱላና በአውቶቡስ ይገፋል። ከተማሪዎቼ አንዱ፣ እናቱ ጠላ ሸጣ ያስተማረችው ልጅ፣ ከምርቃቱ በኋላ የመጀመሪያ ምድብ ቦታው ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ። መኪናው ሲገለበጥ በመስታወቱ ተወርውሮ ወጣ። ሹፌሩ፣ ቀበቶ ያሰረው ሹፌር፣ በተሰበረ ክንድ ብቻ ተረፈ። ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ የሰማሁት ቃል «ቀኑ ስለደረሰ ነው» የሚል ነበር። ለሐዘንተኛ እናት ማጽናኛ ነውና ዝም አልኩ። እዚህ ግን ዝም አልልም። የአንደኛው ቀን ደርሶ፣ አንድ ክንድ እልፍ ብሎ የተቀመጠው ቀን ያልደረሰው በመካከላቸው አንድ ጨርቅ ስለነበረ ነው። እግዚአብሔርን የመኪና መቆለፊያ ጉድለት ተጠያቂ ማድረግ መንፈሳዊነት አይደለም። ስንፍናን ቅስና ማልበስ ነው።

የዚያ ጨርቅ ታሪክ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ኒልስ ቦሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ለቮልቮ ኩባንያ በሦስት ቦታ የሚይዘውን ቀበቶ ሠራ። ሰውየው ቀደም ሲል ለተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎች ከአውሮፕላን የሚያስፈነጥር ወንበር ሲሠራ የኖረ ነው። ቮልቮ ፈጠራውን ለብቻዬ ብሎ አልያዘውም፤ ሌሎች ኩባንያዎችም እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1970 የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ቀበቶ ማሰርን በሕግ ግዴታ በማድረግ ቀደመች። እንግሊዞች «ነጻነታችን ተነካ» እያሉ ለዓመታት ተከራክረው እ.ኤ.አ. በ1983 ለፊት ወንበር ደነገጉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ የፊት ተቀማጮችን የሞት አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በግማሽ! ሐኪም ቤት እንዲህ የሚያደርግ ክኒን ቢመጣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ሰልፍ በያዝን ነበር።

እኛስ? ቀበቶ ማሰር ግዴታ መሆኑ በ2003 ዓ.ም. በወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ውስጥ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 557 ደግሞ ቅጣቱን አክብዶታል። ስለዚህ «ሕግ የለም» የሚል ክርክር አይሠራም። ሕግ ሞልቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው ሪፖርት፣ ለ2016 አገራችን የመዘገበችው የትራፊክ ሞት 4,352 ነበር። ድርጅቱ ራሱ የገመተው ግን 27,326 ነው። ከስድስት እጥፍ በላይ ልዩነት! ከአደጋው ቦታ አልፎ በሳምንቱ ሆስፒታል፣ ወይም በወሩ እናቱ ቤት አልጋ ላይ የሚሞተው በፖሊስ መዝገብ ላይ ላይገኝ ይችላል። ታስሮ ያልተጓዘ፣ ተቆጥሮም ያልተቀበረ ማለት ነው።

ነፍስ በገንዘብ ስትተመንስ? በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለሞት የሚከፈለውን የመድን ካሳ ጣሪያ 40,000 ብር አድርጎ ነበር የደነገገው። በዚያ ገንዘብ ዛሬ ጥሩ የእርሻ በሬ አይገዛም። ጣሪያው ላይ የታሰረው ሙክት ለምን እንደታሰረ አሁን ገባችሁ?

አሁን ወደ ቅጣቱ ልምጣ፤ ምክንያቱም ጠቡ እዚህ ላይ ነው። ሹፌሮች «ቅጣት ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው» ይላሉ። ባለሥልጣናት «ያለ ቅጣት አይሆንም» ይላሉ። እኔ ሁለቱንም ልቀጣ ነው።

ሹፌሩን ላስቀድም። ወዳጄ፣ ቀበቶህን አስረህ ማንም ቀጥቶህ አያውቅም። ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው ብለህ ካመንክ፣ አለመስጠቱ በእጅህ ነው፤ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል። የሕዝቡን ስያሜ ታውቀዋለህ፤ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የጠራው ሕዝብ ስም ለማውጣት ብቻ አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት ጣል አድርገነው እንጂ ማፍሰስስ እያፈሰስን ነው። ልዩነቱ፣ እኛ የምናፈሰው አይለቀምም።

ባለሥልጣኑ ደግሞ ይስማኝ። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ወንጀልን የሚገታው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን የማይቀር መሆኑ ነው ሲል ተከራክሮ ነበር። እኛ ግን ይኸው ከሁለት መቶ ስልሳ ዓመት በኋላም ተቃራኒውን እንሠራለን። ቅጣቱን እናከብዳለን፤ መቅረቱን ግን ቀላል አድርገን እንተወዋለን። ኬላው የታወቀ፣ ሰዓቱ የታወቀ፣ የትራፊኩ የምሳ ሰዓት ሳይቀር የታወቀ ነው። ቅጣቱ በከበደ ቁጥር ደግሞ በመስኮት በኩል የሚደረገው ሹክሹክታ ዋጋው ይጨምራል። ይህን ሁላችንም አይተናል፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚህ የሚብሰው፣ ቅጣቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ያንን መቆለፊያ የሌለውን ሚኒባስ አስታውሱ። የፊት መስታወቱ ላይ ቦሎ ተለጥፎበታል። ቦሎ ማለት «ይህ መኪና በዓመቱ ተመርምሮ ብቁ ሆኖ ተገኝቷል» ማለት ነው። ማነው ብቁ ነው ያለው? መቆለፊያ የሌለው ቀበቶ፣ ከወለሉ ጋር በብየዳ የተጣበቀ ተጨማሪ ወንበር፣ ከነጭራሹ ቀበቶ ያልተሰራለት የኋላ ረድፍ፣ ሁሉም በምርመራ ጣቢያ በር አልፎ ነው መናኸሪያ የደረሰው። በሕግ አሰር የተባለው ተሳፋሪ የሚያስረውን ቢፈልግ አያገኝም። ታዲያ መርማሪው ሳይጠየቅ፣ የመኪናው ባለቤት ሳይጠየቅ፣ ስምሪት የሰጠው ሳይጠየቅ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ መንገድ ዳር ቆሞ ተሳፋሪውን መቅጣት ፍርድ ነው? «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ ነው።

የባሕር ዳርን ነገር ደግሞ ልጨምር። ከተማችን በብስክሌት የታወቀች ነበረች፤ ዛሬ ባጃጅ ወርሷታል። ባጃጅ ቀበቶ የለውም፤ በርም የለው። መድኃኒቱ ፍጥነት መቀነስና ትርፍ አለመጫን ብቻ ነው። ግን ከፔዳ በር እስከ መሀል ከተማ፣ በዘንባባው ሥር፣ ሹፌሩ ግራና ቀኙ አንዳንድ ተማሪ አስቀምጦ መሪውን በትከሻው የሚያዞር ባጃጅ ያላየ ማን አለ? በግንቦት 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመርቆልናል። ሰፊ ነው፣ ያምራል። ሰፊ መንገድ ግን ፍጥነትን ይጋብዛል፤ ፍጥነት ደግሞ የሚምረው የታሰረን ብቻ ነው፤ እሱንም ሁልጊዜ አይደለም።

አንድ ወዳጄ ይህን እንደምጽፍ ሰምቶ ተቆጣኝ። «ሰውዬ፣ ጤና የለህም? ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ይህ ክልል ምን እያየ እንደሆነ ታውቃለህ። መንገዱ መከፈቱን፣ ተሳፋሪው ቤቱ መድረሱን በስልክ እየጠየቅን በምንውልበት ዘመን አንተ ስለ ቀበቶ ታወራለህ?» አለኝ።

ቁጣው ይገባኛል። የሚያሳዝነውም ተገቢ መሆኑ ነው። ግን መልስ አለኝ። ጥይትን አንተም እኔም ማቆም አልቻልንም። ስለ እሱ መጮህ ተገቢ ነው፤ እንጩህ። ይህኛውን ሞት ግን ማንም አልተኮሰብንም። ድርድር አይጠይቅም፣ አስታራቂ ሽማግሌ አይጠይቅም፣ ከውጭ የሚመጣ ብድርም አይጠይቅም። ሞት በበዛበት አገር ላይ ቸልተኝነት ተጨማሪ ሞት እንዲያመጣ መፍቀድ ጀግንነት አይደለም። እንዲያውም ነፍስ የረከሰችበት ዘመን ነው ነፍስን በትንሽ በትንሹ ማስወደድ የሚጠይቀው። ከየት እንጀምር? ከጋቢናው እንጀምር።

አበበ ቢቂላን አስቡት። ሮምን በባዶ እግሩ፣ ቶኪዮን በጫማ ያሸነፈ፣ ዓለም ሁለት ጊዜ ከኋላው የሮጠለት ሰው ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ሸኖ አካባቢ ቮልስዋገኑ ተገለበጠችና እነዚያ እግሮች ዳግም አልቆሙም። አገር አለቀሰ። የጦርነት ጉዳት አልነበረም፤ የመንገድ አደጋ ነበር። መንገድ ታላቅና ታናሽ አይለይም።

እንግዲህ «ታዲያ ምን ይደረግ?» ላላችሁ፣ ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ነው የምለው። ቦሎ የሚሰጠው ሰው መጀመሪያ ይጠየቅ። የማይሠራ ቀበቶ ያለው መኪና የመርማሪው ፊርማ ያረፈበት ከሆነ ቅጣቱ ለመርማሪው ይድረሰው። ቀጥሎ ባለቤቱ። ወንበር ሲጨምር ገቢው የጨመረለት እሱ ነው። ከዚያ ስምሪት ሰጪው፤ መናኸሪያው በር ላይ ትርፍ ሰው መቁጠር ከቻለ ቀበቶ መቁጠር አያቅተውም። ከዚያ ሹፌሩ። ተሳፋሪው የመጨረሻው ይሁን፤ እሱም የሚሠራ ቀበቶ ቀርቦለት እምቢ ካለ ብቻ። የቅጣቱ ገንዘብ የት እንደገባም በየዓመቱ በአደባባይ ይነገረን። ገንዘቡ ለመንገድ ዳር አምቡላንስና ለአጥንት ሐኪም አልጋ ሲውል ካየን፣ «መሰብሰቢያ ነው» የሚለው ሐሜት በራሱ ጊዜ ይሞታል።

ለተሳፋሪውም ቃል አለኝ። ትኬት ስትቆርጡ ሒሳብ ትከራከራላችሁ፣ ጋቢና ለመያዝ ትጋፋላችሁ፣ መስኮቱ አልዘጋ ቢል ትቆጣላችሁ። «መቆለፊያው የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። አንድ ሰው ቢጠይቅ ረዳቱ ይስቃል። አሥር ሰው ቢጠይቅ ባለቤቱ ጋራዥ ይወስደዋል። መቆለፊያ ማስገባት ከአንድ ቀን ነዳጅ የሚበልጥ ወጪ አይመስለኝም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው የተቀመጠው።

እናንተም መብራት ብልጭ የምታደርጉ ሹፌሮች፣ ልማዳችሁን አትተዉት። ደግ ልማድ ነው። ትርጉሙን ብቻ ለውጡት። ከፊታችሁ የሚመጣው ሰው ልጆች አሉት፤ ትራፊክ ኖረም አልኖረም፣ እሰር በሉት።